«ወሎዬ» የሚል ምርጫ የለም

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ንዴቱ ሲበርድልኝ እጽፈዋለሁ ብዬ ብጠብቅ ብጠብቅ አልበርድ አለኝ። እንግዲህ ከነትኩሳቱ ተቀበሉኝ።

ሰዓዳ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ሰሜን ወሎ፣ ሐብሩ ወረዳ ውስጥ፣ ከመርሳ ከተማ በእግር አንድ ሰዓት በማይሞላ ቀበሌ ነው። በተፈጥሮ ሀብት ዲፕሎማ አለኝ፤ ዲፕሎማው ግን እንጀራ አልሆነኝም። እንጀራ የሆነኝ የጥናት መረጃ መሰብሰብ ነው። ከወልድያ፣ ከደሴ፣ ከአዲስ አበባ፣ አንዳንዴም ከባሕር ማዶ አጥኚ ሲመጣ መጠይቅ ይዞ በየቤቱ የሚዞር፣ አገሩን የሚያውቅ፣ ውሻ የማይፈራ ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

ያልዞርኩበት ጥናት የለም። ወባ ሲያጠኑ የሕፃናት ጣት ወግቻለሁ። አቀንጭራ ማሽላውን ለምን እንደሚጨርሰው ሲያጠኑ አፈር ቆፍሬ በፌስታል ቋጥሬያለሁ። የልጆች ክንድ ለክቻለሁ፣ የጉድጓድ ውሃ በጠርሙስ ቀድቻለሁ፣ የንብ ቀፎ ቆጥሬያለሁ፣ ሴቶች በስንት ዓመታቸው እንደተዳሩ ጠይቄያለሁ፣ ሽማግሌዎች ደም እንዴት እንደሚያደርቁ በቴፕ ቀርጫለሁ። አንድ ጊዜማ ሰው ሽንት ቤቱን በትክክል ይጠቀምበት እንደሆነ ለማየት ሙሉ ቀን አጥር ሥር ተቀምጬ ውያለሁ። የማኅበረሰብ ሳይንስ በሉት፣ የሕክምና፣ የተፈጥሮ ሳይንስ በሉት፣ በሐብሩ ያለፈው ሁሉ በእኔ እግር ነው ያለፈው።

ገበሬው ያሾፍብኝ ነበር። አንድ የውርጌሳ ሽማግሌ መጠይቅ ይዤ ባዩኝ ቁጥር፣ «ካቻምና ደሜን ወሰድሽ፣ አምና አፈሬን ወሰድሽ፣ ዘንድሮ ደግሞ ሐሳቤን ልትወስጂ መጣሽ። ለመሆኑ ደሜ ምን ተገኘበት?» ይሉኝ ነበር።

«ይነገርዎታል አባ፣ አብሽሩ» እላለሁ።

አልተነገራቸውም። አንድም ቀን፣ ለአንድም ሰው፣ አንድም ውጤት ይዤ ተመልሼ አላውቅም። ይህን ያኔ እንደ ነውር አልቆጠርኩትም። አጥኚው ወስዶ አሳትሞ ዶክተር ይሆንበታል፣ እኔ አበሌን እቀበላለሁ፣ ገበሬው ደግሞ እንግዳ አስተናግጃለሁ ይላል። እንዲህ ነበር የሚሠራው።

ጦርነቱ ገና ትግራይ ውስጥ ሳለ፣ በጥር ወር፣ ትልቅ የተባለ ጥናት መጣ። የጤናው፣ የእርሻውና የማኅበራዊ ኑሮው ዘርፍ በአንድ ላይ ሆነው እነዚያኑ ቤተሰቦች ያጠናሉ። ከአንድ ቤት ደም ይወሰዳል፣ ከዚያው ቤት ማሳ አፈር ይወሰዳል፣ ከዚያው ቤት አባወራ ወይም እማወራ ስለ ኑሮው ይጠየቃል። መሪው አንድ ዶክተር ነበር። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ እዚህ ላይ አንተ ብየዋለሁ፣ ቅር የሚለው ካለ ይበለው።

መጠይቁ ላይ ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ብቻ ነው። ለሁለተኛ ዙር ስንመለስ ቤቱ እንዳይጠፋን ግን ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ደብተር ነበረን። በግራ ቁጥር፣ በቀኝ ስም፣ ቀጥሎ ሰፈር። ያቺን ደብተር የያዝኳት እኔ ነኝ። ምስጢር ላላወጣ ፈርሜያለሁ።

መጠይቁ መጀመሪያ ገጽ ላይ «ብሔር» የሚል ጥያቄ ነበር። ምርጫዎቹ በቁጥር ተደርድረዋል፤ የመጨረሻው «ሌላ» ይላል። እኛ አገር ይህን ስትጠይቁ ሰው ይስቃል። አጎቱ ክርስቲያን፣ አክስቱ እስላም፣ ምራቱ ከራያ፣ አማቹ ከየጁ የሆነ ሰው ምን ይበላችሁ? «ወሎዬ ነኝ» ይላል። እኔም «ሌላ» የሚለውን አከብብና አልፋለሁ።

በሳምንቱ ዶክተሩ መርሳ መጥቶ የሞላናቸውን ወረቀቶች አገላበጠ። «ሌላ በዝቷል» አለ።

«ሰዎቹ ያሉት ወሎዬ ነው» አልኩ።

«ወሎዬ ብሔር አይደለም። ወሎዬ የሚል ምርጫ የለም። ተመለሱና አባታቸው የት እንደተወለደ ጠይቁ። ጠለቅ ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ራሳችሁ መድቧቸው።»

ታዛዥ ነኝ። ተመለስኩ። እንዲያውም ሳልዋሽ ልንገራችሁ፣ ከሰው አፍ ነገር ማውጣት እችልበታለሁ ብዬ እኮራ ነበር።

እትዬ አስካለ መርሳ መናኸሪያ አጠገብ ማንጎና ፓፓያ ይሸጣሉ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። አንድ ልጅ አላቸው፣ ደምሴ የሚባል አናጢ። ከመንገድ ስመለስ እሳቸው ቤት ሳልገባ አላልፍም ነበር። ወረቀቴን ይዤ ለሁለተኛ ጊዜ ስመጣ ማንጎ እየለዩ ነበር።

«ወሎዬ ነኝ አልኩሽ እኮ» አሉ።

«ወሎዬ የሚል የለም እትዬ።»

«የት ነው የሌለው?»

«ወረቀቱ ላይ።»

ሳቁ። «እንግዲያው ወረቀቱ ይታረማ።»

«የአንቱ አባት የት ነው የተወለዱት?»

ማንጎውን አስቀመጡ። ሳቃቸው ቆመ። እኔ ደግሞ በሥልጠና እንደተማርኩት፣ የሰጡኝ መረጃ በምስጢር እንደሚያዝ የሚናገረውን አንቀጽ አነበብኩላቸው። አንቀጹ ስላልበቃቸው ወረቀቱ ያላዘዘኝን ጨመርኩበት። «ወላሂ፣ ከእኔ አፍ አይወጣም» አልኩ። የእስላም ልጅ መሐላ በእኛ አገር ዋጋ አለው። እትዬ አስካለ የእኔን ወላሂ አመኑ።

«ተምቤን ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጨው ነጋዴ ተከትሎ መጥቶ እዚሁ ቀረ። አንድ ቃል ትግርኛ አላስተማረኝም። ደምሴም አያውቅም፤ ምን ይጠቅመዋል ብዬ።»

የብሔሩን ቁጥር አከበብኩ። «ሌላ» አንድ ቀነሰ። ነገር ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ አበው፤ ያኔ ግን ይህ ተረት ትዝ አላለኝም።

ወራት አለፉ። ነሐሴ ላይ ጦርነቱ እኛ ደጅ ደረሰ። ቀድሞ ቆቦ ከትግራይ በወረዱ ታጣቂዎች ተያዘ ተባለ፣ ቀጥሎ የወልድያ ሰው ፍራሽ ተሸክሞ በመርሳ በኩል ወደ ደሴ ይጎርፍ ጀመር። ደምሴ መጋዙን አስቀምጦ ከሚሊሻው ጋር ወደ ወልድያ አቅጣጫ ወጥቷል። የጥናቱ ዕቃ በሙሉ ከመርሳ ዳር ባለ የገበሬ ማሠልጠኛ ግቢ በአንዲት ክፍል ተቆልፎ ነበር። በከረጢት የታሰረ አፈር፣ ደም የደረቀባቸው ወረቀቶች በሳጥን፣ መጠይቁ በካርቶን። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።

አንድ ጠዋት ዶክተሩ ከአዲስ አበባ ደወለ። ድምፁ ቸኩሏል።

«ናሙናው እንዳይጠፋ። መኪና እልካለሁ።»

«ከናሙናው ጋር ሰው መጫን ይቻላል? እዚህ አራስ አለች፣ መሄድ የማይችሉ ሽማግሌዎች አሉ።»

«የፕሮጀክቱ መኪና ሰው አይጭንም፣ መመሪያ ነው። አንቺ ብቻ ክፍሉ ጋ ጠብቂ።»

ጠበቅሁ። መኪናው እስከ ዛሬ አልመጣም። ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ግን ጌታሁን መጣ።

ጌታሁን ከእኔ ጋር መረጃ ይሰበስብ የነበረ የመርሳ ልጅ ነው። ቤቶቹን ለሁለት ተካፍለን ነበር የዞርነው። ተጫዋች ነበር፤ ውሻ ሲያሯሩጠኝ ዛፍ ላይ ወጥቶ የሚስቅ። ያን ቀን ዱላ ይዟል፣ አንገቱ ላይ ጥቁር ሻሽ ጠምጥሟል። ታናሽ ወንድሙ በቆቦ በኩል ወጥቶ ከቀረ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ክፍሉ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«ሰዓዳ፣ ደብተሩን ፈልጌ ነው።»

«የቱን ደብተር?»

«አትቀልጂ። የስሙን።»

«ለምን?»

«የሰፈር ጥበቃ አቋቁመናል። ከውስጥ ሆኖ ለታጣቂዎቹ መንገድ የሚያሳይ ሰው አለ ይባላል።»

«ይባላል?»

«ወንድሜ ሄዶ አልተመለሰም» አለ። «እሱንም ይባላል በይኛ።»

ሐዘኑ እውነት ነው። እናቱ ቤት ሄጄ አብሬ አልቅሻለሁ።

«ትውልዳቸው ትግራይ የሆኑትን ምን ልታደርጓቸው ነው?» አልኩ።

«ሰብስበን አንድ ቦታ እናቆያቸዋለን። ለእነሱም ደህንነት ነው።»

«አንተ ይህን ታምናለህ?»

መሬት መሬቱን አየ። «የሚታወቁትንማ እናውቃቸዋለን። እኔ የምፈልገው የማይታወቁትን ነው። መጠይቁን ከስማቸው ጋር የሚያገናኘው ያ ደብተር ብቻ ነው። ጠይቀን ያወጣነው እኔና አንቺ ነን፣ ሌላ ሰው አይደለም።»

«ፈርመናል እኮ ጌታሁን። ቃል ገብተናል።»

«ያ ለሰላም ጊዜ ነው» አለ። «ከዐሱር ሶላት በፊት እመለሳለሁ። ብቻዬን አልመጣም።»

ደብተሩን ከካርቶኑ አወጣሁና ገለጥኩት። የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው፣ ቆንጆ ጽሑፍ አለኝ። እያንዳንዱ ቁጥር የማን እንደሆነ ፊታቸው እየመጣ ድቅን ይልብኝ ጀመር። ጎረቤት ሁሉ የአገር ሰው እያለ የሚያውቃቸው፣ እኔ ግን «ጠልቄ» ጠይቄ ባዕድ ያደረግኋቸው። አንዷ የሰፈሬን ሰው ቀሚስ የምትሰፋ ናት። አንዱ የመስጊዱን የውሃ ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ነው። እና እትዬ አስካለ። ደብተሩን ከሻርፔ ሥር ሸጉጬ ወደ እሳቸው ሮጥኩ።

መናኸሪያው ሰውና አህያ ተደባልቆበታል። እትዬ አስካለ ማንጎውን ለሚያልፈው ስደተኛ በነፃ ያድላሉ። ወደ ውስጥ ስቤ አስገባኋቸውና የሆነውን ነገርኳቸው። አልጮሁም፣ አላለቀሱም። ቁና ላይ ተቀመጡ።

«ደምሴ እኮ እዚያ ከሚሊሻው ጋር ነው» አሉ። «ምሽግ ውስጥ። ጎኑ የተኛው ልጅ ጠመንጃ ይዟል። ይህ ወሬ ደርሶ ቢሰማ፣ ከፊት የመጣ ጥይት ይሁን ከጎን የመጣ ማን ይለያል?»

«ይሽሹ እትዬ። አሁኑኑ ወደ ደሴ ይሂዱ።»

«እኔስ ልሂድ። ወረቀቱስ ይሄዳል?»

ደብተሩን ከሻርፔ ሥር አውጥቼ አሳየኋቸው።

«ወሎዬ ብዬሽ ነበር» አሉ። ቁጣ የለበትም፣ በትዝብት ብቻ። «ሁለት ጊዜ ነገርኩሽ።»

ከዚያ ቤት የወጣሁት እያለቀስኩ ይመስላችኋል? አይደለም። ደሜ ፈልቶ ነበር። መንገድ ዳር ቆሜ ለዶክተሩ ደወልኩ። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ገባልኝ። ያለውን ሁሉ ነገርኩትና «ደብተሩን ላጥፋው» አልኩ።

«እንዴት ነው የምታጠፊው? ያለ ደብተሩ መጠይቁ ሞተ ማለት ነው። የደሙን ውጤት ከቤቱ ጋር በምን ላገናኘው? ሁለተኛው ዙርስ?»

«ዶክተር፣ ሰው ይገደላል።»

«አታጋንኚ። ደብተሩን ይዘሽ ወደ ደሴ ውጪ።»

«መንገዱ ላይ ኬላ አለ፣ ይፈትሻሉ። ቢያገኙብኝስ?»

ከዚያ የተናገረውን እስክሞት አልረሳውም። «እንግዲህ ምስጢር ለመጠበቅ የፈረምሽው አንቺ ነሽ። ኃላፊነቱ የአንቺ ነው።»

ስልኩን ዘጋሁበት። ጥያቄውን ያወጣው እሱ፣ «ሌላ በዝቷል» ያለው እሱ፣ «ጠለቅ በሉ» ያለው እሱ፣ ኃላፊነቱ የሰዓዳ።

ወደ ማሠልጠኛው ተመለስኩ። ላቃጥለው አሰብኩ፤ ዝናብ ያረጠበው ግቢ ውስጥ ጭሱ ከተማውን ሁሉ ይጠራል። ልቅበረው አልኩ፤ ጭቃው ላይ አዲስ የተቆፈረ ነገር ዕውር ያገኘዋል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ። ዓይኔ ግቢው ጥግ ያለው ሽንት ቤት ላይ አረፈ። ያ ሽንት ቤት የሌላ ጥናት ነው፤ አጥር ሥር ተቀምጬ የዋልኩበት የንጽህና ጥናት «ሞዴል» ብሎ ያሠራው፣ ጥልቅ፣ ወለሉ በሲሚንቶ የተለሰነ። የሐብሩ ሕዝብ ከዚያ ሁሉ ሳይንስ በእጁ የቀረው ቋሚ ነገር እሱ ብቻ ነው።

ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ደብተሩን ቅጠል በቅጠል ገነጣጠልኩና ወረወርኩ። እጄ ላይ ስሞቹ ያልፋሉ፤ አላነበብኩም ብል ውሸት ነው። በመጨረሻ የደብተሩን ሽፋን ስጥል ከሥር የመጣውን ድምፅ ሰማሁ።

ጌታሁን እንዳለው ከዐሱር በፊት መጣ። ሁለት የማላውቃቸው ወጣቶች ከኋላው አሉ፤ አንዱ ክላሽ ይዟል። እኔ የክፍሉ ደረጃ ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ።

«አምጪ» አለ ጌታሁን።

«የለም።»

«የት አደረግሽው?»

በእጄ ወደ ሽንት ቤቱ አመለከትኩ። «እዚያ ውስጥ ነው። ውረድና አውጣው።»

ክላሽ የያዘው ሄዶ ወደ ጉድጓዱ አይቶ ተመለሰና ምራቁን ተፋ። ጌታሁን አፍንጫዬ ሥር ደርሶ ቆመብኝ። በጥፊ ይለኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልመታኝም።

«ስለ ማን ብለሽ ነው? ወንድሜስ ሰው አልነበረም?» አለ።

«ወንድምህን ማንጎ ሻጭ አልገደለችውም» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ደነገጥኩ፤ ማንጎ ሻጭ ማለት አልነበረብኝም። እሱም ሰማ። ዓይኑ ጠበበ።

«ምንም አይደል» አለ ቀስ ብሎ። «ግማሹን ቤት የዞርኩት እኔ ነኝ። የጠየቅኋቸውን በቃሌ አውቃለሁ። የአንቺንም ደግሞ አሁን ከአፍሽ እየሰማሁ ነው።»

እዚህ ላይ ያደረግሁትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለእናንተ የመጀመሪያዬ ነው።

መጠይቅ ይዘን ወደ ሰው ቤት ከመሄዳችን በፊት፣ ሥልጠና ላይ፣ መረጃ ሰብሳቢዎች እርስ በርስ እንጠያየቃለን። የሥራው ወግ ነው፤ ሁልጊዜም እንዲያ ነው የሚደረገው። ጌታሁንን የጠየቅሁት እኔ ነበርኩ። የብሔሩን ጥያቄ ስንለማመድ፣ ሻይ እየጠጣን፣ እየተሳሳቅን፣ የእናቱ እናት ከየት እንደመጡ ነግሮኛል። በቀልድ መካከል የወጣ ነገር ነው፤ እሱ ራሱ ሳይረሳው አልቀረም።

«ጌታሁን» አልኩ። «እኔም የጠየቅሁትን በቃሌ አውቃለሁ። ሥልጠናው ላይ መጠይቁን የሞከርኩት ማን ላይ ነበር?»

አልገባውም መጀመሪያ።

«አያትህ» አልኩ። «የእናትህ እናት። ከየት እንደመጡ የነገርከኝን እዚሁ ልናገረው? ጮክ ብዬ?»

ፊቱ አመድ መሰለ። ክላሽ የያዘው «ምን እያለች ነው?» አለ። ጌታሁን አልዞረም። እኔን ብቻ ያያል። በዚያ ዓይን ውስጥ ያየሁትን ፍርሃት እትዬ አስካለ ፊት ላይ አላየሁትም ነበር። እሳቸው የፈሩት ለልጃቸው ነው። ይሄ ግን እኔን ፈርቶ ነበር።

«ሰዓዳ» አለኝ፣ በሹክሹክታ።

ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞረ። «ደብተር የለም። በስብሷል። ወረቀት ሰብሳቢ ምን ያውቃል፣ ተዉአት፣ እንሂድ።»

ሄዱ። ማንንም አልሰበሰቡም። በቃሉ የሚያውቃቸውንም ስም አላወጣም፤ ያወጣ ቢሆን በሁለተኛው ቀን እንሰማ ነበር። እኔ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ። ጀግና የሆንኩ እንዳይመስላችሁ። ደብተሩን ጉድጓድ ጥዬ ደብተሩ እኔ ሆንኩ። ዱላ ይዞ ከመጣው ልጅ የሚለየኝ ነገር ቢኖር፣ እሱ ሊያደርገው ያሰበውን ቀድሜው ማድረጌ ብቻ ነው።

ከቀናት በኋላ ታጣቂዎቹ መርሳ ገቡ። እኔ ወደ አባቴ ቀበሌ ሸሸሁ። እነሱም በበኩላቸው ወረቀት ይፈልጉ እንደነበር በኋላ ሰማን፤ ሚሊሻ የላከው ቤት የቱ ነው እያሉ። መጠይቁ ውስጥ «ከቤተሰቡ በጸጥታ ሥራ ላይ ያለ አለ ወይ?» የሚል ጥያቄ ነበር፤ መልሱን የሞላሁት እኔው። ደብተሩ ቢገኝ ኖሮ ለሁለቱም ወገን ያገለግል ነበር። ሳይንስ አያዳላም ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው።

ከተማው ሲለቀቅ ክፍሉን ሄጄ አየሁት። አፈሩ ከከረጢቱ ተደፍቶ ወለሉ ላይ አረም በቅሎበታል። ደም የደረቀባቸው ወረቀቶች ግቢው ውስጥ ተበትነው ዶሮ ትጭራቸዋለች። የሕፃናት ደም ነው። እያለቀሱ፣ እናቶቻቸው እየያዙልኝ የወጋኋቸው።

ጌታሁን ደብተሩ በጠፋበት በዚያው ወር ግንባር ወጥቶ አልተመለሰም። ወንድሙ በሄደበት ሄደ። ለቅሶው ላይ ከሴቶቹ መሐል ተቀመጥኩ። አያቱ ደረታቸውን እየደቁ ያለቅሱ ነበር። ከእኔ አፍ የሰማው የመጨረሻ ነገር ስለ እሳቸው ነበር። ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ ነበር፤ ነገ ዛሬ ስል ቀረ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏችኋል፣ ያ ነው የእኔ ነገር። ዶክተሩ ላይ የነበረኝን ንዴት ወንድሙን ባጣ ልጅ ላይ ነው የተወጣሁት።

ዶክተሩ ደህና ነው። ሰላም ሲሆን ደወለ። ከሁሉ በፊት የጠየቀኝ «ደብተሩስ?» ብሎ ነው። ነገርኩት። በሪፖርቱ ላይ መረጃው «በመረጃ ሰብሳቢ ቸልተኝነት» እንደጠፋ ጻፈ፤ ያነበበ ሰው ነው የነገረኝ። ቀጥሎ ደግሞ አዲስ ጥናት ይዞ መጣ፤ ጦርነቱ በሰው አእምሮ ላይ ያደረሰው ጉዳት። ልምድ አለሽ ብሎ ጠራኝ። መጠይቁን ተቀብዬ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አየሁ። ጥያቄው አለ፣ ምርጫዎቹም እንደነበሩ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ መልሼ አስቀምጬለት ወጣሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከመካከላችሁ አጥኚ ይኖራል፣ ተማሪ ይኖራል፣ እንደ እኔ አበል ተቀብሎ የሚዞር ይኖራል። ጥናት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ወባው አሁንም አለ፣ አቀንጭራውም ማሽላውን እየበላ ነው፣ የሚያጠና ይምጣ። ግን በሰው ደጅ ስትቆሙ አንድ ነገር ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህን መልስ ነገ ዱላ የያዘ ሰው ቢያነበው ማን ይሞታል? መልሱን ካላወቃችሁ ጥያቄውን ተዉት። ቢሮ ተቀምጦ «ጠለቅ በሉ» የሚላችሁ ሰው ያን ቀን ስልኩን አያነሳም፤ ቢያነሳም ማን እንደፈረመ ነው የሚነግራችሁ።

ደምሴ በሕይወት ተመለሰ። አንድ እግሩን ያነክሳል፣ ግን መጋዙን አንሥቷል። እትዬ አስካለም ከደሴ ተመልሰው መናኸሪያው ጋ ቦታቸውን ያዙ። የመጡ ሰሞን ሄድኩ። ደብተሩን እንዴት እንዳጠፋሁት፣ ጌታሁንን እንዴት እንደመለስኩት፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ምስጋና ጠብቄ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

ማንጎ እየለዩ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ተባረኪ» አሉ። «አዳንሽን። ግን ከማን እንዳዳንሽን ታውቂያለሽ ልጄ? ከራስሽ ነው።»

ተናድጄ ሄድኩ። ሁለት ቀን ሙሉ በልቤ ስከራከራቸው ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቀን የምከራከርበት ነገር አለቀብኝ።

እስከ ዛሬ በዚያ ሳልፍ ሰላምታ አይነፍጉኝም። እናቴ እንዴት ናት ይሉኛል፣ ጥሩ ማንጎ ካለ መርጠው ይሰጡኛል። ቤት ግን ግቢ ብለውኝ አያውቁም።